አራት ጣት በሐሴት ጉንጭ ላይ

ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፈተና መርሐ ግብር እንደማወጣው ሁሉ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፣ ስድስቱን ሳምንት በስድስት ረድፍ ከፋፈልኩና የፍሪጁ በር ላይ ለጠፍኩት። ማክሰኞና ዓርብ ማታ ማርና ሎሚ ፊት ላይ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በደንብ መታጠብ። ሐሙስ ቤቲ ፀጉር ቤት እንፋሎት። ሰኞ ለክርንና ለጉልበት ስኳር በዘይት ማሸት። በየቀኑ ሁለት ሊትር ውኃ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ያለ ጃንጥላ አለመውጣት። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ፊት ላይ አዲስ ነገር አለመሞከር። ይህን የመጨረሻውን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሐሴት ወረቀቱን ስታየው ሳቀች።

"አቢዬ፣ እኔ ሙሽራ ነኝ ወይስ የላቦራቶሪ ዕቃ?"

"ለሁለቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል።"

"መሳቅስ ይፈቀዳል? ወይስ ፊት ያጨማድዳል?"

"ከአራት ሰዓት በፊት ይፈቀዳል" አልኳት።

ሐሴት የባለቤቴ የፈቃደ ታናሽ እህት ናት። ምዕራብ ዓባያ ላይ እናታቸው ሲያርፉ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፈቃደ ከቀብር መልስ ወደ አርባ ምንጭ ሲያመጣት በአንድ እጇ የልብስ ከረጢት፣ በሌላው አልተውም ያለቻትን አንዲት ዶሮ ታቅፋ ነበር። እኛ ልጅ አልነበረንም። ዶሮዋ ጓሮ፣ ልጅቷ ጓዳ አጠገብ ባለችው ክፍል ገቡ። ዛሬ ሐሴት ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ፈቃደ ካረፈ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ በዚያ ቤት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

እጮኛዋ ዕዝራ የገረሴ ልጅ ነው፤ ከተማችን ውስጥ የመሬት ቀያሽ ሆኖ ይሠራል። ዝምተኛ፣ ጫማው ላይ ሁልጊዜ ቀይ አፈር የማይጠፋ ልጅ። በኅዳር ወር ሽማግሌ ሲልክ ሠርጉ ለጥር ይሁን ተባለ። እኔ ለመስከረም ቢዛወር ይሻላል ብዬ ነበር። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ የመንፈቀ ዓመት ፈተና አልኩ። በትሕትና ሰሙኝ፤ ጥር ሆኖ ቀረ።

ሠርጉ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ የሐሴትና የዕዝራ የፎቶ ቀን ነበር። ፎቶ አንሺው አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ቧንቧው ከሐሙስ ጀምሮ ደርቆ ስለነበር የጄሪካን ውኃ በቁጠባ ነው የምንጠቀመው። እኔ ማድ ቤት ቆሜ ወደ ሐይቁ ይዘውት ለሚሄዱት መጠጥ ሎሚ እጨምቃለሁ። ሎሚው ከጓሯችን ነው። ፈቃደ የተከለው ዛፍ ነው፤ ፍሬውን የምለቅመው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

"አቢዬ! ጉትቻው አልገባ አለኝ!" ብላ ከክፍሏ ተጣራች።

እጄን ሽርጤ ላይ ጠራርጌ ሄድኩ። በግራ እጄ አገጯን ያዝኩ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ በቀኜ ጉትቻውን አስገባሁ። "አሁን ጥሩ ነሽ፣ ሂጂ" አልኳት። ጃንጥላውንም አስያዝኳት።

ጃንጥላው ፎቶው ውስጥ አይገባም ተብሎ ባጃጁ ላይ እንደቀረ የሰማሁት በኋላ ነው። ዓባያ ሐይቅ ዳር እስከ ሰባት ሰዓት ቆዩ። ሐሴት ስትመለስ ደስተኛ ነበረች፤ ፎቶ አንሺው "ወደ ውኃው አትጠጉ፣ አዞው ካርድ አልደረሰውም" እያለ ሲያስቃቸው እንደዋለ ነገረችኝ። እኔ ግን የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ጃንጥላሽስ?"

"ኧረ አቢዬ! አንድ ቀን ፀሐይ አይገድልም።"

እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ማስታወቂያ ተነበበ። በእኛ ዘንድ የሙሽሮቹ ስም ሦስት እሑድ ይነበባል፤ የሚቃወም ካለ ለሽማግሌዎች እንዲያሳውቅ ይነገራል፤ ሦስቱ ካልተሟላ ጋብቻው አይባረክም። ስሟ ሲነበብ ሐሴት ጉንጯን በእጇ ይዛ ነበር። ያፈረች መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ "ያቃጥለኛል" አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ስትጮህ ሮጬ ገባሁ። ግራ ጉንጯ ቀልቷል። ቅላቱ ላይ ጤፍ የሚያካክሉ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች ተደርድረዋል። በቀኝ በኩልም መንጋጋዋ ላይ አንድ እንደዚያው ያለ ቦታ አለ።

"ዕቅድሽ ነው" አለች፤ መልሳ ደግሞ "ይቅርታ" አለች። "አቢዬ፣ አሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረን። በአሥራ ሦስት ቀን ይጠፋል?"

"ይጠፋል" አልኳት፤ ሳላውቅ። ሳላውቅ መልስ የመስጠት ልማድ የለኝም፤ ተማሪዎቼም ያውቁታል።

ፍሪጁ ፊት ቆሜ ዕቅዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ማሩን አሸተትኩ፣ ቀመስኩ። ሳሙናውን አየሁ። ዓርብ ማታ ማርና ሎሚውን ከፊቷ ላይ ያጠብኩት ራሴ ነኝ፤ ሁለት ጆግ ውኃ ጨርሼ ነው ያጠብኩት። የቀረው ቤቲ ናት። ሐሴትን ሻርፕ አከናንቤ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወረድኩ።

ቤቲ ደንበኛዋን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ትታ መጣች።

"መምህርት፣ እኔ በእንፋሎት እንጂ በእሳት አልነካኋትም! ሐሙስ ማታ እንደ ሕፃን ፊት ሆና ነው የወጣችው።"

"ምን ቀባሻት?"

"አንቺ የጻፍሽልኝን! ይኸው ወረቀትሽ፣ መስታወቱ ላይ። ከዚህ ውጪ ጠብታ ብጨምር ባልሽ ይቅበረኝ" አለችና ያለችው ነገር ገብቷት አፏን ያዘች። "ይቅር በይኝ። አፌ ነው።"

"ምንም አይደል። ቀጥዪ።"

ቤቲ ሻርፑን ገለጥ አድርጋ አየች። ፊቷን ወደ አምፖሉ አዞረችው፣ ወደ በሩ አዞረችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "መምህርት" አለች፤ "ይሄ የክሬም አይደለም። ክሬም በጣት ልክ አያቃጥልም። ቁጠሪ እስቲ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።"

ቆጠርኩ። በግራ ጉንጯ ላይ አራት ዘንግ፣ ከመንጋጋ ወደ ላይ፣ ጎን ለጎን።

ካስኩ ሥር ያለችው ሴትዮ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር። ሲቀላ ውስጥ የታየ ነገር ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ለመውጣት ባጃጅ አይጠብቅም።

ማክሰኞ ክሊኒክ ስንሄድ ነርሷ እኔን ወደ ውጪ አስወጣችኝ። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር። "ማን ነው የመታሽ? እዚህ ማንም አይሰማሽም" ስትል ሰማሁ። ሐሴት "ማንም" አለች። ነርሷ "እሺ" አለች፤ ያላመነ ሰው እሺታ። ቅባት ሰጥታን ወጣን።

በዚያው ቀን ከሰዓት የዕዝራ እናት ከገረሴ መጡ። እማማ አገርነሽ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘው ነበር። የደጋ ቅቤ ነው፤ ወደ ቤታቸው የምትገባን ሙሽራ አናት የሚቀቡት ራሳቸው ናቸው። አራት ሴት ልጆች ድረዋል፤ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ አንዳንዴ ወንዱንና ሴቱን ያደባልቁታል፤ ያሉት ነገር ግን ሁልጊዜ ግልጽ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ቅጠሉን ፈቱት። ሐሴት ሻርፑን አወለቀች። እማማ አገርነሽ እጃቸውን ዘርግተው የራሳቸውን አራት ጣት በአየር ላይ ከጉንጯ ፊት ለፊት አቆሙ። ቅቤውን መልሰው ጠቀለሉ፣ አሰሩት፣ ብብታቸው ሥር አደረጉት።

"እማማ፣ ሻይ ሳይጠጡ?" አልኩ።

"ሻይ ይቆያል። ቅቤም ይቆያል" አሉና ወጡ።

ሐሴት በሩን እያየች ቆመች። ከዚያ ቀን በፊት ቅቤ ይዞ መጥቶ ቅቤ ይዞ የተመለሰ እንግዳ አላየሁም።

ረቡዕ ከሰዓት ጋሽ ካሱ መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ፈቃደን ያጠመቁት፣ እኛንም ያጋቡን እሳቸው ናቸው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"አበራሽ፣ ወሬ ይዤ አልመጣሁም፤ ወሬ አስቸግሮኝ ነው የመጣሁት።"

"ይናገሩ ጋሼ።"

"የልጅቷ ፊት ላይ እጅ አለ ይባላል።"

"ማንም አልመታትም።"

"እሷም እንዲሁ አለች አሉ። ሠላሳ ዓመት ስሸመግል፣ ተመታሁ ብላ የጀመረችልኝ ሴት የለችም። ሁሉም የሚጀምሩት በሩ መታኝ ብለው ነው።"

"በዚህ ቤት የምንኖረው ሁለታችን ነን። እኔ ነኝ የመታኋት እያሉኝ ነው?"

"እኔ አላልኩም።" ባርኔጣቸውን አዞሩት። "ነገር ግን ሠርጉ ይዛወር ያልሽ አንቺ ነበርሽ። ሰው ያስታውሳል። የዕዝራ እናት ደግሞ ጎሜ አለ ትላለች። ታውቂዋለሽ፤ ሰው የበደለውን ሳይናገር ውጦት ሲቀመጥ ቤት ላይ ይወጣል የሚሉት ነገር ነው። እኛ የወንጌል ሰዎች ነን፣ በእሱ አንሄድም። ቢሆንም የተደበቀ ነገር ይውጣ ማለት መጽሐፍም የሚለው ነው። ተገድዳ የምትሄድ ወይም ተመትታ የምትሄድ ልጅ ስም እሑድ አላነብም። ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዤ እመጣለሁ። የሚነገር ካለ ያኔ ይነገር።"

ሸኘኋቸው። ስመለስ ሐሴት ስልክ እያወራች ነበር። ዕዝራ ከውጪ፣ አጥሩ ሥር ሆኖ ነው የደወለው፤ ጫማው በበሩ ሥር ይታየኛል።

"አትግባ። ፊቴን እንድታይ አልፈልግም... አይደለም፣ ማንም አልነካኝም አልኩህ እኮ! ታምነኛለህ ወይስ አታምነኝም?... እናትህን ተዋት፣ አንተን ነው የጠየቅኩህ።"

የሚላትን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ስልኩን ዘጋች።

"ምን አለሽ?"

"አምንሻለሁ አለ። ግን እናቴ ያልቀባቻትን ሴት ይዤ ገረሴ አልገባም አለ።" አልጋው ላይ ተቀመጠች። "ቤቲ በሜካፕ እሸፍነዋለሁ ትላለች። ሰው ልብ ውስጥ ያለውንስ በምን እሸፍናለሁ?"

የነርሷን ቅባት ላደርግላት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል በመስኮቱ ገብታ ጉንጯ ላይ አርፋ ነበር። ቅላቱ ወደ ቡኒነት መዞር ጀምሯል። አራቱን ዘንጎች አንድ በአንድ ስቀባ ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። ዘንጉ ከሥሩ አጠገብ ተቋርጧል። ግማሽ ጣት የማይሞላ፣ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ የሆነ የቆዳዋ መልክ ያለበት ክፍተት አለ፤ ከእሱ ወዲያ ዘንጉ ይቀጥላል።

ግራ እጄን አነሳሁ። ፈቃደ ያደረገልኝ ቀለበት አሁንም ጣቴ ላይ ነው።

እጄን ከአገጯ ሥር ሳላስነካ አቀረብኩት። አውራ ጣቴ በቀኝ መንጋጋዋ ላይ ባለው ቅላት ትይዩ፣ አራቱ ጣቶቼ በአራቱ ዘንጎች ትይዩ፣ ቀለበቱ በክፍተቱ ትይዩ።

"አቢዬ? ምን ሆንሽ?"

"ሎሚ" አልኩ።

ነገርኳት። ሎሚ በእጄ ነበር፤ ውኃ ለመቆጠብ ብዬ ሽርጥ ላይ ብቻ ጠረግሁት። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ጠንካራ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፤ ወዲያው አይታይም፣ በሁለተኛው ቀን ነው የሚወጣው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤዋለሁ። ዕቅዱ ላይ "በደንብ መታጠብ" ብዬ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ፊቷን እንጂ የራሴን እጅ ዕቅዱ ውስጥ አላስገባሁትም።

ሐሴት ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። "ታዲያ ንገሪያቸዋ!"

"ሎሚ ነው ብል ማን ያምነኛል? አርባ ምንጭ ውስጥ ሎሚ የማይጨምቅ የለም። ጣት የበቀለበት ጉንጭ ግን አላዩም። ከዚያም እጁ የእኔ ነው ስላቸው የሚሰሙት እሱን ብቻ ነው።"

"ምን እናድርግ ታዲያ?"

"ተማሪዎቼ አላምንም ሲሉኝ የማደርገውን።"

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ሎሚ ጨምቄ ግራ እጄን ነከርኩ፣ የቀኝ ክንዴን ጨብጬ ያዝኩ። ሐሴት በስልኳ ሦስት ደቂቃ ቆጠረች። ከዚያ ጓሮ ወንበር አውጥቼ ክንዴን ለፀሐይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሐሴት ጥላ ሥር ሆና ትጠብቀኛለች።

"ጃንጥላ ላምጣልሽ?"

"ዝም በይ።"

ዓርብ ጠዋት ክንዴ ላይ ምንም የለም። ዓርብ በምሳ ሰዓት ምንም የለም። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ እጅጌዬን ስሰበስብ ተማሪዎቹ ተያዩ። የቆዳዬ መልክ ከሐሴት ይጠቁራል፤ ቢወጣም ላይታይ ይችላል ብዬ አሰብኩ። ፀሐዩ አንሶ ይሆን? ሐሴት የቆየችው ከሁለት ሰዓት በላይ፣ እኔ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሎሚው አነስ ያለ ነበር? ዓርብ ማታ ሐሴት ክንዴን ይዛ በአምፖል አየችው፤ አሸችው፤ ለቀቀችው። የሠርጉ ቀሚስ በላስቲክ ተሸፍኖ ከቁም ሣጥኑ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለታችንም ወደዚያ ሳናይ ተኛን።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የቀሰቀሰኝ ክንዴ ነው። አቃጠለኝ። በሕይወቴ ሕመም እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መብራት አብርቼ አየሁ፤ አራት ጣት፣ ያበጠ፣ የቀላ፤ በሦስተኛው ላይም ክፍተቱ አለ።

አምስት ሰዓት ላይ ጋሽ ካሱ፣ ዕዝራና እማማ አገርነሽ መጡ። እማማ አገርነሽ የቅጠሉን ጥቅል ይዘዋል፤ አልፈቱትም፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሐሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ሻርፑን በዕዝራ ፊት አወለቀች። እሱ አየና አቀረቀረ፤ ወዲያው ደግሞ ቀና አለ።

ሎሚውን ጠረጴዛ ላይ አደረግሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁ። ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው፣ ቃል ሳልጨምር፣ ከጉትቻው ጀምሬ እስከ ሐሙሱ ፀሐይ ነገርኳቸው። ጋሽ ካሱ መነጽራቸውን አውጥተው ክንዴን አዩ፣ ተነሥተው የሐሴትን ጉንጭ አዩ፣ ተመልሰው ቀለበቴን አዩ።

"ሰባ አንድ ዓመቴ ነው" አሉ። "ሎሚ ሰው ሲማታ ያየሁት ዛሬ ነው።"

ዕዝራ ሳቀ። ሐሴት ሳቀች። እኔም እስትንፋሴ ሊመለስ ነበር።

እማማ አገርነሽ አልሳቁም። "ክንድሽን ስንት ያዝሽ?" አሉኝ።

"ሦስት ደቂቃ፣ እማማ።"

"ለምን ሦስት?"

"ያን ቀን የያዝኳት ያህል እንዲሆን ብዬ ነው።" ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

"እኔ አራት ልጅ ድሬያለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "አራቱም ጉትቻ አደረገ። ጉትቻ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ሎሚውን ሰማሁ፤ አመንኩ። እጅ ግን ለምን እዚያ ቆየ?"

ጋሽ ካሱ "አገርነሽ፣ ነገሩ እኮ ተፈታ" ብለው ጀመሩ። እማማ አገርነሽ እጃቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ፤ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

በሦስት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ስለ ፈቃደ ማንም ሰው እንዲህ በቀጥታ ጠይቆኝ አያውቅም። ስሙን እንኳ አልጠሩትም፤ ግን የጠየቁት ስለ እሱ ነበር። ለቀስተኞች በመጡ ጊዜ ወንበር ስደረድር ነበር። በአርባኛው ቀን ፈተና ሳርም ነበር። ጠንካራ ሴት ተብዬ ወሬዬ ገረሴ ድረስ ሄደ፤ ያንን ስም ይዤ ተቀመጥኩ።

"ፊቷን ወደ መስኮቱ ሳዞረው" አልኩ፣ "ወንድሟን አየሁት። ፈቃደ ፎቶ ሲነሣ አገጩን እንዲህ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። እሷም እንዲያ አደረገች። ጉትቻው ገብቶ ነበር። ልለቃት አልቻልኩም።"

ጀምሬዋለሁና ጨረስኩት።

"ሠርጉ ለመስከረም ይሁን ያልኩትም ለፈተና አልነበረም። እሷ ስትሄድ በዚህ ቤት የእሱን ፊት የያዘ ሰው አይኖርም። ስምንት ወር ፈልጌ ነው። ዋሸኋችሁ። አልመታኋትም። እንዳትሄድ ግን ፈልጌ ነበር።"

ሐሴትን ማየት አልቻልኩም። ወንበሯ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ያበጠውን ክንዴን ላለመንካት ተጠንቅቃ ትከሻዬን ያዘች።

"አቢዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዕቅዱ ላይ ቦታ አልነበረውም" አልኳት። የቀረኝ ቀልድ እሱ ብቻ ነበር።

እማማ አገርነሽ "እንግዲህ ወጣ" አሉና የእንሰት ቅጠሉን መፍታት ጀመሩ። "ገረሴ ሩቅ አይደለም። መኪና አለው። እሷም ትመጣለች፤ አንቺም ትመጣለህ። እኔ ቤት ሰው ሲያለቅስ ወንበር አይደረድርም።"

ጋሽ ካሱ ባርኔጣቸውን አነሡ። "ነገ ስማቸው ይነበባል" አሉ፤ ለማን እንደተናገሩ ግልጽ አልነበረም፤ ለሎሚው ይመስል ነበር።

ቅቤው በደጅ ነው የሚቀባው ተብሎ ወንበር ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ተከተልኩ። "ፀሐይ ላይ አይሆንም! ፊቷ ፀሐይ ማየት የለበትም!" አልኩ። በዚያ ሰዓት ጓሯችን ውስጥ ጥላ ያለው አንድ ዛፍ ብቻ ነው። እማማ አገርነሽ ቅርንጫፎቹን ቀና ብለው አዩ።

"ሎሚ ነው?"

"ሎሚ ነው። ባለቤቴ የተከለው።"

"ካልወደቀባት ምንም አይልም" አሉና ሐሴትን ከሥሩ አስቀመጧት።

ሐሴት ዕዝራን ቀና ብላ አየችው። "እስከ ፋሲካ ላይጠፋ ይችላል ተብሏል። ቤቲ በሜካፕ ትሸፍነዋለች።"

"አይታየኝም" አለ ዕዝራ።

"ውሸታም! አራት ጣት አይታይህም? ቀያሽ አይደለህ እንዴ?"

"ታየኝ እሺ። ግን አልለካውም።"

እማማ አገርነሽ ቅቤውን በመዳፋቸው አለሰለሱት። አናቷ ቀጥ እንዲል ሰው መያዝ ነበረበት። "ነይ፣ አንቺ ያዢልኝ አገጯን" አሉኝ። ጠጋ ብዬ እጄን ስዘረጋ በክርናቸው አገዱኝ።

"ቆይ! እጅሽን ታጥበሻል?"

ዕዝራ ጎንበስ ብሎ ሳቀ። ጋሽ ካሱ ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወደ ማድ ቤት ተመለስኩ። ቧንቧውን ከፈትኩ፤ መጀመሪያ አየር አጓራ፣ ቀጥሎ ቀይ ውኃ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ መጣ። እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ። ቀለበቱን አላወለቅሁትም፤ ከሥሩ ግን በደንብ አሸሁ። ጣቶቼን አሸተትኩ። ሁለተኛ ታጠብኩ።

ተመልሼ አገጯን ያዝኩ። ሐሴት ዓይኗን ጨፍና ወደ ግራ አዘነበለች፤ ቀና አላደረግኋትም። ቅቤው አናቷ ላይ እስኪያልቅ ያዝኳት፤ ሲያልቅ ለቀቅኳት።